ሃስኬል ላይ ዩኒየን-ፋይንድ፣ ያሳጠርኩት መንገድ የት ነው የሚጠፋብኝ?

የደብሬው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰሜን ሸዋ ከተሞችን መንገድ አስገብቼ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚነግረኝ ፕሮግራም ሃስኬል ላይ (አንዴ የተፈጠረ ዳታ በተለምዶ የማይቀየርበት ቋንቋ) በዩኒየን-ፋይንድ (የተገናኙትን በአንድ ስብስብ የሚይዝ ዘዴ) እየሰራሁ ነው፣ ከዛ ክሩስካልን (ሁሉንም በትንሹ ጠቅላላ ርዝመት የሚያገናኙ መንገዶችን የሚመርጥ አልጎሪዝም) ልሰራበት ነው። ፓይተን ላይ ቢሆን ፋይንድ (የስብስቡን አናት፣ ሩቱን፣ የሚፈልገው ፈንክሽን) ወደ ላይ ሲወጣ አሬዩን እዛው እያስተካከለ ይሄዳል አለቀ፣ እዚ ግን ማፕ (ቁልፍን ከዋጋው ጋር የሚያያይዝ ሰንጠረዥ) ነው የተጠቀምኩት፣ የሸዋ ሮቢት ፓረንት (ከሱ በላይ ያለው) ደብረ ሲና፣ የደብረ ሲና ጣርማበር፣ የጣርማበር ደብረ ብርሃን። ሸዋ ሮቢትን ስጠይቀው ደብረ ብርሃን ይለኛል ልክ ነው፣ ግን ደግሜ ስጠይቀውም ያንኑ ሶስት እርምጃ ነው የሚሄደው፣ ፓዝ ኮምፕሬሽን (ያለፈበትን ሁሉ በቀጥታ ከሩቱ ጋር ማያያዝ) እኮ ፅፌበታለሁ! ሁለት ማታ ሙሉ አፍጥጬበት አልታየኝም፣ እባካችሁ።

መንዜው፦
ወንድሜ ፋይንድህ የሚመልሰው ሩቱን ብቻ ነው አይደል? ችግሩ እሱ ነው። ያሳጠርከው ማፕ ሌላ አዲስ ማፕ ነው፣ አሮጌው አልተነካም፣ አዲሱን ደሞ የተቀበለው ስለሌለ ጋርቤጅ ኮሌክተር (የማይፈለግ ሜሞሪ የሚያፀዳው) ወሰደው። ሩቱንና አዲሱን ማፕ አንድ ላይ መልስና ቀጣዩ ጥሪ ባዲሱ ይጀምር፣ ማቀባበሉ ከሰለቸህ ስቴት ሞናድ ይሸከምልሃል። እኔን ብትሰማኝ ግን ኮምፕሬሽኑን ጭራሽ ተወው። ሁሌ ትንሹን ስብስብ ከትልቁ ሩት ስር ካስገባህ ዛፉ አይረዝምም፣ ሚሊዮን ኖድ (ያንተ ጋር ከተማ) ቢኖርህ እንኳ ከ20 እርምጃ አያልፍም፣ ፋይንድም ማንበብ ብቻ ስለሚሆን የሚመለስ ማፕ የለም። ከተሞቹን ቁጥር ስጣቸውና ኢንትማፕ (ቁልፉ ቁጥር የሆነ ማፕ) ተጠቀም።

ቀዝቃዛው፦
ዳታህ ትልቅ ከሆነ ኤስቲ ሞናድ ነው መፍትሄው። ውስጡ አሬዩን እንደልብህ ትቀይራለህ፣ ራንኤስቲ (እሱን የሚያስኬደው ፈንክሽን) ሲጨርስ ግን ከውጪ ለሚጠራው ንፁህ ፈንክሽን (ውጪ ምንም የማይቀይር) ነው፣ አሬዩ ሾልኮ እንዳይወጣም ታይፑ ራሱ ይከለክላል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ታርጃን በ1975 ያሳየው የኢንቨርስ አከርማን ፍጥነት (በአማካይ እያንዳንዱ ጥሪ ቋሚ ጊዜ የሚወስድ ያህል) አሬይ እዛው ሲቀየር የሚገኝ ነው፣ ማፕ ላይ እያንዳንዷ እርምጃ ራሷ ፍለጋ ናት። ክሩስካል ደሞ ወደ ኋላ ስለማይመለስ አሮጌውን ቅጂ ምን ያረግልሃል።

ጣርማበር፦
ከቀዝቃዛው ጋር እስማማለሁ፣ ክሩስካል ብቻ ከሆነ። ግን አንድ መንገድ ሞክሮ ካልሆነ መተው የሚባል ነገር ከመጣ አሮጌው ቅጂ ወርቅ ነው፣ በማፕ ያለ ምንም ድካም ታገኘዋለህ። ኦካምል (ሌላ ቋንቋ) ላይ ኮንሾንና ፊሊያትር በ2007 ያወጡት ፍጥነቱንና አሮጌውን ቅጂ ለማስታረቅ ነው፣ ውስጡ የሚቀየር አሬይ አለ፣ አሮጌዎቹ ቅጂዎች ልዩነታቸውን ብቻ ይይዛሉ፣ ስትጠይቃቸው ያኔ ይሰላሉ። እኔ በጣም የምወደው ስራ ነው።

የደብሬው ልጅ፦
ተባረኩ! የመንዜውን፣ ትንሹን ከትልቁ ስር ማስገባቱን፣ ሞከርኩት፣ ሸዋ ሮቢት አሁን አንድ እርምጃ ብቻ ነው፣ ሩቱ ደብረ ሲና ሆኖ ደብረ ብርሃን ራሱ ስሩ ገባ፣ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር ግን ጥያቄው ማን ከማን ጋር ነው እንጂ ማን አለቃ ነው አይደለም። ዓለም ከተማ ለብቻው ስብስብ ሆኖ ሲወጣም ደንግጬ ኮዱን ስፈትሽ ቆየሁ፣ ለካ በሙከ ጡሪ በኩል ያለውን መንገድ ፋይሉ ውስጥ አላስገባሁትም። ኤስቲውን ቅዳሜ እሞክራለሁ።