ብሉቱዝ የሌለውን አምፕሊፋየር ከስልክ ጋር ማገናኘት

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ አምፕሊፋየሬ ከኋላው ፎኖ፣ ቴፕ እና አውክስ የሚሉ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች አሉት። ብዙ ሳላወጣ ከስልኬ ሙዚቃ እንዴት ላጫውትበት?

መልስ፦ ርካሽ የብሉቱዝ ሪሲቨር (ከስልክ ድምፅ በብሉቱዝ የሚቀበል ትንሽ ዕቃ) ገዝተህ በቀይና ነጭ ገመድ አውክስ ላይ ሰካው። ፎኖ ላይ እንዳትሞክር! እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ደካማ ሲግናል የተሠራ ስለሆነ ድምፁን ከልክ በላይ አጉልቶ ያበላሸዋል፤ ባሱማ አይጣል ነው። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገህ ተወው፣ መጨመር መቀነሱ በአምፕሊፋየሩ ይሁን።

መልስ፦ አውክስ ከተያዘ ቴፕ ላይ «ፕሌይ» የሚለውም ይሆናል። «ሬክ» መውጫ ነው፣ ምንም አይሰማህም። «እምምም» የሚል ካስቸገረህ መጀመሪያ የሪሲቨሩን ቻርጀር ቀይር።

መልስ፦ ትርፍ ስልክ ካለህ ሪሲቨሩም ይቅር፤ ከ3.5 ሚሊሜትር (የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ) ወደ ቀይና ነጭ የሚሄድ ገመድ ይበቃሃል። ከኢንተርኔት በሰከንድ በ160 ኪሎቢት ማጫወት በሰዓት 72 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ዋይፋይ ስታገኝ አውርደህ ያዝ። መብራት ሲሄድ ደግሞ አምፕሊፋየሩን ንቀል።