በስታይንቤክ መጽሐፍ ክሩክስ፣ ሌኒ ሲመጣለት ለምን አስጨነቀው?

ወገን፣ አንድ ቦታ ላይ ተቸክያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣውን የጆን ስታይንቤክን «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» ለመጽሐፍ ውይይታችን የማቀርበው እኔ ነኝ። የጆርጅና የሌኒ ጓደኝነት አላስቸገረኝም። በካሊፎርኒያ እርሻዎች ሥራ ፍለጋ የሚንከራተተው ሁሉ ብቻውን ነው፤ እነሱ ግን ሁለት ናቸው።

ያስቸገረኝ፣ እነሱ በሚሠሩበት እርሻ ጋጣውን የሚጠብቀው ክሩክስ ነው። ጥቁር ስለሆነ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ቤት አያስገቡትም። ከጋጣው አጠገብ፣ ከፈረስ ዕቃና ከመጻሕፍቱ ጋር ለብቻው ይኖራል። ታዲያ ሌኒ ሲመጣለት «ጆርጅ ባይመለስስ?» እያለ ምስኪኑን ያስጨንቀዋል። ሰው የናፈቀው ሰው እንዲህ ያደርጋል እንዴ? እኔ ቅናት ነው እላለሁ። ግን ትንሽ ቆይቶ ያው ክሩክስ፣ ጆርጅና ሌኒ ሊገዙት በሚያልሙት የራሳቸው እርሻ ለምግቤ ብቻ ልሥራ ይላል! ሁለቱን እንዴት ላስታርቃቸው? ያነበባችሁት እስቲ ሐሳብ ወርውሩልኝ።