አስቸኳይ፦ የላጉን ሞዴሌ ኦክስጅንን ከዜሮ በታች አወረደው

ናሆም፦ ሰላም። የተበከለ የባሕር ጠረፍ ላጉን (ከባሕር በጠባብ መግቢያ የሚገናኝ ሐይቅ መሰል ውሃ) የውሃ ጥራት ሞዴል እያስኬድኩ ነው። ሦስት ቀን በደህና ሄዶ በአራተኛው ፍሳሽ የሚገባበት ጥግ ላይ የሟሟ ኦክስጅን −3 ሚሊ ግራም በሊትር አለኝ። ነገ ጠዋት አስረክባለሁ። ከአየር የሚገባውን ኦክስጅን በእጥፍ ላሳድገው? እባካችሁ ቶሎ!

ግሪድ_ሰው፦ ታይም ስቴፕህን (ሞዴሉ በአንድ እርምጃ የሚያሰላውን ጊዜ) ቀንስ። ሴልህ (ላጉኑ የተከፋፈለበት አንዱ ካሬ) ስንት ሜትር ነው?

ናሆም፦ 50 ሜትር፣ 60 ሰከንድ።

ግሪድ_ሰው፦ ይኸው! የባሕሩ መግቢያ ላይ ፍጥነቱ 1.2 ሜትር በሰከንድ ቢሆን 1.2 × 60 ÷ 50 = 1.44፤ ኩራንት ቁጥር (ውሃው በአንድ ታይም ስቴፕ የሚያልፈው የሴል ብዛት) ከ1 በላይ ነው። 20 ሰከንድ ብታደርገው 0.48 ይሆናል።

ጨው_ለካ፦ ወንድሜ፣ ከልኬት ጋር ስታስተካክል ኦክስጅን የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የውሃው ከፍታ፣ ቀጥሎ ጨዋማነት፣ ከዚያ ሙቀት፣ ከዚያ ቢኦዲ (ቆሻሻው ሲበሰብስ የሚፈልገው ኦክስጅን) እና ናይትሮጅን። ጨው አይበሰብስም፣ አይተንም፤ ሞዴልህ ጨውን ከልኬቱ ጋር ካላስማማ ውሃው በትክክል እየተቀያየረ አይደለም ማለት ነው። ያንን ሳታረጋግጥ ኮፊሸንት (የሞዴሉን የፍጥነት ቁጥሮች) አትንካ።

ደለል፦ ሁለታችሁም ሌላ ቦታ ናችሁ። ጥጉ ላይ ውሃው እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የኩራንት ቁጥር ጉዳይ አይደለም። ናሆም፣ ከአየር የሚገባውን ብታሳድግ ስህተቱን ትሸፍነዋለህ እንጂ አታጠፋውም። ከላጉኑ ሥር ላለው ደለል የኦክስጅን ፍጆታ ስንት ሰጠኸው? ባሕሩ ሲጎድል የጥጉ ጥልቀትስ?

ከዜሮ_በላይ፦ ዓሣዎቹ 3 ሚሊ ግራም ዕዳ ገቡ 😄 ለማንኛውም የቢኦዲ መበስበሻ ፍጥነትህን እይ። 0.1 በቀን በሎግ 10 ከሆነ በተፈጥሯዊ ሎግ 0.23 ነው። የአምስት ቀን ቢኦዲ አስገብተህ ከሆነም በ0.23 ሙሉው ቢኦዲ የአምስት ቀኑ 1.46 እጥፍ ነው።

ግሪድ_ሰው፦ ታይም ስቴፑን 10 አድርገው።

ናሆም፦ 20 አደረግኩ፣ ያው −3። የደለሉ 2 ግራም በካሬ ሜትር በቀን፣ ዝቅተኛ ጥልቀት 0.08 ሜትር።

ደለል፦ አገኘነው። 2 ÷ 0.08 = 25 ሚሊ ግራም በሊትር በቀን! ደለሉ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ኖረም አልኖረም እኩል ይወስዳል። ፍጆታውን በኦክስጅን ÷ (ኦክስጅን + 0.5) አባዛው፤ ኦክስጅን ሲያልቅ መብላቱን ያቆማል። ሴሉ ደረቅ የሚባልበትን ጥልቀትም 0.1 ሜትር አድርግ። ለማረጋገጥ የደለሉን ፍጆታ ዜሮ አድርገህ አምስት ቀን ብቻ አስኬድ፤ −3 ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ ነው። አሞኒያም ካለህ ተመሳሳይ ገደብ አድርግለት፤ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 4.57 ግራም ኦክስጅን ይበላል።

ግሪድ_ሰው፦ ጊዜ የለውም እኮ። ከዜሮ በታች ያለውን ዜሮ ያድርገውና ያስረክብ።

ደለል፦ በፍጹም! ያ ከባዶ ኦክስጅን መፍጠር ነው። ቢኦዲው ኦክስጅን ሳይከፍል መበስበሱን ይቀጥላል፣ ካርታው ላይም ፍሳሹ ከእውነቱ ቀለል ብሎ ይታያል። ያንን ካርታ አይተው ፍሳሹ የት ይጣራ የሚሉ ሰዎች አሉ።

ጨው_ለካ፦ ናሆም፣ ሞዴሉ ሄዶ ሲያልቅ የጥጉን የጨዋማነት መስመር ለጥፍልን።