«ከዜሮ ይሻላል» ላለው ሰውዬ

ሰናይት፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ለባንክና ለመሥሪያ ቤት ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ ባለቤት ስለ ሠራተኞቹ ደመወዝ ተጠየቀና «ያም ሆነ ይህ ከዜሮ ይሻላል» አለ። ደሜ ፈላ። አባቴ አንድ ባንክ በር ላይ 11 ዓመት ቆሟል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚቀጥረው ኤጀንሲ 3 ጊዜ ተቀይሯል። ባንኩ ኤጀንሲ ለመምረጥ ጨረታ ባወጣ ቁጥር አባቴ እዚያው በር፣ እዚያችው ፕላስቲክ ወንበር ላይ እንዳለ አዲስ ፎርም ይሞላል፤ የሙከራ ጊዜውም የዓመት ፈቃዱም እንደ አዲስ ይቆጠራል። የሚቀየረው ደረቱ ላይ ያለው ባጅ ነው። ወደ ዜሮ እየመለሱት «ከዜሮ ይሻላል» ይሉናል!

ካሳሁን፦ እህቴ፣ ለአባትሽ ከልቤ አዝናለሁ። ግን ሰውየው እውነቱን ነው። እኔ ጋራዥ አለኝ፤ ቋሚ ያደረግኩትን ሠራተኛ ላሰናብት ስል ፍርድ ቤት ስመላለስ ከርሜአለሁ። በ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ ያለውም ቀጣሪ ስለሚፈራ ነው። ኤጀንሲ ቢከለከል ባንኩ ካሜራ ይሰቅላል እንጂ አባትሽን ቋሚ አያደርግም።

የቃሊቲው፦ አዋጁን ካነሳህ አንቀጽ 9ንም አንሳ። የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፤ ከዚህ ውጪ የሚሆነው አንቀጽ 10 ላይ ተዘርዝሯል። ሌትና ቀን የሚጠበቅ በር ምኑ ነው ጊዜያዊ?

ካሳሁን፦ በሩ ቋሚ ነው፤ የኤጀንሲው ውል ግን በጨረታ ነው። ነገ የሚሸነፍ ኤጀንሲ ቋሚ ሥራ ከየት አምጥቶ ይስጥ?

ሰናይት፦ በሩ ቋሚ ነው ብለሃል። ከዚህ ወዲያ የምጨምረው የለም።

ካሳሁን፦ ቃሌን አትቆንጽሪብኝ።

ጋሼ መኮንን፦ ልጆቼ፣ ይህ የዛሬ ጥያቄ አይደለም። የካቲት 28 ቀን 1966 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ እኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ዝቅተኛ ደመወዝ ይወሰን ብለን ነበር። የ2011ዱ አዋጅም ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሏል፤ እኛ ግን አርጅተን ጥያቄው እዚያው ነው። የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር «ከዜሮ ይሻላል» ያልተባለ ደመወዝ የለም።

ካሳሁን፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ማኅበራችሁ ለኤጀንሲ ሠራተኛ ምን አደረገ? መዋጮ የሚሰበስበው ከቋሚው ነው።

ጋሼ መኮንን፦ በየጨረታው ቀጣሪው የሚቀያየርበትን ሰው እንዴት አድርገን እናደራጀው? ማኅበርን አትንካብኝ ልጄ፤ ለእሱ የታሰሩ ጓደኞች ነበሩኝ።

ትዕግሥት፦ የሁላችሁም ቤት ውስጥ የምትሠራዋን ልጅስ? አዋጁ ለብቻዋ ደንብ ይወጣላታል ብሎ ትቷት አልፏል። የእሷ ፈቃድ ስንት ቀን ነው?

የቃሊቲው፦ ትዕግሥት፣ ልክ ነሽ፤ ግን አሁን የያዝነውን አታስጥይን።

ትዕግሥት፦ ሁልጊዜ «አሁን» አይደለም የምትባለው እሷ ናት።

ሰናይት፦ የዘንድሮው ጨረታ ወጥቷል። የአባቴን ፎርም የምሞላለት እኔ ነኝ፤ «የሥራ ልምድ» የሚለው ላይ 11 ዓመት ብዬ እጽፋለሁ።

ካሳሁን፦ ጻፊ። ግን ጨረታውን የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያስገባው ነው፤ ለልምድ የሚከፍል የለም።

የቃሊቲው፦ ዝቅ የተደረገው የማን ደመወዝ ነው ታዲያ? እሱን መልስልኝ።