ድምፁ የበዛ አሮጌ ላንድሮቨር፦ የቱ ጠባዩ፣ የቱስ ሕመሙ ነው?

ጥያቄ፦ የለገጣፎ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከለገጣፎ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ ካለቁ በኋላ በሚገኝ ሰፈር ነው። መኪናዬ በአንድ የእርሻ ድርጅት ሲያገለግል የኖረ፣ ባለ 2.25 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ረጅሙ ላንድሮቨር ሲሪዝ 3 ነው። አፈራችን ጥቁር ዋልካ በመሆኑ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ ጎረቤቶቻችን ቪትዝና ኮሮላቸውን አስፋልት ዳር ለጥበቃ ሰጥተው፣ ቦቲ ጫማ አጥልቀው በእግራቸው ይገባሉ፤ ይህ መኪና ግን ፎር ዊሉ ከገባለት ጭቃውን እየገመሰ ደጃፌ ድረስ ያደርሰኛል። ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትወሰድም ሆነ የሰርግ ድንኳን ሲጓጓዝ ሰፈሩ መጀመሪያ የሚጠራው እርሱን ነው፤ በዚህም ከልቤ እኮራለሁ።

ችግሬ ድምፁ ነው። ማለዳ ሲነሳ የቆርቆሮ አጥሩ ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ጨቅላ ያላቸው ጎረቤቶቼ በጨዋነት ዝም ቢሉኝም መቸገራቸውን አውቃለሁ። ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ላይ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ስናልፍ ደግሞ ከኋላ የተቀመጡት ልጆቼ የሚሉትን መስማት አልችልም። ከወለሉ ሥር የማያቋርጥ ጩኸት ይወጣል፤ ነዳጅ ስሰጥና ስለቅም «ቋ» የሚል ምት ይሰማል። አንድ ጋራዥ ኮፈኑን በቅጡ እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ ይቀየር» አለኝ። ሸጠህ ሌላ ግዛ የሚሉኝም አሉ፤ ነገር ግን የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እንዲህ ያለ ጭቃ የሚሻገር ሌላ መኪና በእኔ አቅም የሚገኝ አይደለም፤ ቢገኝም ይህን ለመሸጥ ልቤ አይፈቅድም። ከዚህ ሁሉ ድምፅ ከአሠራሩ የመጣው የትኛው ነው? መጠገን ያለበትስ?

መልስ፦ መካኒክ ከሰበታ

ወንድሜ፣ ድምፁ ተለይቶ ሳይታወቅ ሞተር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። የመኪናው አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ እንግሊዞች በ1948 እ.ኤ.አ. ላንድሮቨርን ለገበያ ሲያቀርቡ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር አሉሚኒየምን መረጡ። ምንም ያልለበሰ ቀጭን አሉሚኒየም የናፍጣ ሞተር ሲነዝረው መጮኹ የማይቀር ነው። ጠዋት በብርድ ሲነሳ የሚሰማው የሚንቀጫቀጭ ምትም፣ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ የሚለዝብ ከሆነ፣ የናፍጣ ጠባይ ነውና አያሳስብዎት። የሚያስፈራው በተቃራኒው ሲሞቅና ጭነት ሲበዛ የሚብሰው፣ የዘይት ግፊቱም አብሮት የሚወርድ ድፍን ምት ነው፤ ያ የብሮንዚና (የሞተሩን ዘንግ የሚሸከም ስስ ብረት) መበላት ምልክት ስለሆነ መኪናውን ሳይነዱ ማስመርመር ይገባል።

ከወለል ሥር የሚወጣው ጩኸት ግን ከሞተር የሚመጣ አይመስለኝም። በዚህ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አራተኛው ማርሽ ኃይሉን በቀጥታ ሲያሳልፍ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉት በታችኛው ዘንግ በኩል ያዞሩታል። ስለዚህ ቀጥ ባለና ሰው በማይበዛበት መንገድ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ጥቂት ይሂዱና፣ ፍጥነቱን ሳይቀይሩ ወደ አራተኛ ያሸጋግሩ። ጩኸቱ አራተኛ ላይ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ በአብዛኛው የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ ቀለበት) ነው። በሁሉም ማርሽ ላይ ካለና ከማርሹ ይልቅ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወደ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ቀኝ ጎማ ወደሚያካፍለው ክፍል) ወይም ወደ ጎማ ኩሽኔታዎቹ እንሄዳለን። ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ የሚሰማው ምት አብዛኛውን ጊዜ ከክሮቼራ (ከካምቢዮ ወደ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ጫፍ ላይ ካለው የመስቀል መጋጠሚያ) ነው። ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈው፣ ማርሹን ባዶ አድርገው ከሥር ይግቡና የማስተላለፊያውን ዘንግ በእጅዎ ግራ ቀኝ ያዙሩት፤ በክሮቼራው መስቀል ላይ ልል እንቅስቃሴ ካዩ ወይም ደረቅ ቀይ ዝገት ካገኙ ጊዜው አልፏል።

ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ይመልከቱ። ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ውስጡ ተበልቶ ያለቀ ማርሚታ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ አንዳንዱም በብየዳ ቤት ባዶ ቱቦ ይቀጠልለታል። ጎረቤት የሚረብሸው ድምፅ በአመዛኙ በዚያ በኩል የሚወጣው ነው።

መልስ፦ ከሱሉልታ

የመካኒኩን ምክር ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። የእኔ መኪና አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘር ነው፤ በእንጦጦ በኩል ስመላለስ የተማርኩት ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። የእርስዎ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 62 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው፤ እዚህ የሚቀረው ወደ 50 ገደማ ነው። ዳገት ላይ ሲያቃስት ሰው ፖምፓ ቤት (የናፍጣ ፓምፕ የሚስተካከልበት) ሄዶ «ናፍጣ ጨምሩልኝ» ይላል፤ የሚቃጠልበት አየር ግን ስለሌለ ትርፉ ጥቁር ጭስ፣ የነዳጅ ብክነትና የባሰ ሙቀት ነው። ፖምፓው ለከፍታው ተስማምቶ ከተስተካከለ በኋላ ማርሽ በጊዜ መቀነስ ይሻላል።

ስለ ጎረቤቶችዎ ማሰብዎ ደስ አሰኝቶኛል። ማታ ሲገቡ መኪናውን ወደ መውጫው አዙረው ያቁሙት፤ ጠዋት ካንዴሌታውን (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚሞቀውን ማሞቂያ) በደንብ አሙቀው ያስነሱና፣ ቆሞ እንዲሞቅ ለረጅም ጊዜ ከመተው ይልቅ የዘይት ግፊቱ እንደተስተካከለ በዝግታ ይውጡ። ሞተሩ በሥራ ላይ ቶሎ ይሞቃል፤ ሰፈሩም ያርፋል። ድምፅ ለመቀነስ ተብሎ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ የሚያስለጥፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ የክረምት ውሃ ከሥሩ ታቁሮ ብረት የሆነውን ክፍል ይበላል። ተነስቶ የሚታጠብ የጎማ ምንጣፍ ይበቃል።

ከድምፁ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሻንሲው፣ ማለትም አካሉና ሞተሩ የሚያርፉበት ዋናው ማዕቀፍ ነው። አካሉ አሉሚኒየም ቢሆንም ሻንሲው ብረት ነው፤ ዋልካው ደግሞ ውስጡ ገብቶ እርጥበት ይዞ ይቆያል። በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያሉ ይምቱት፤ ጤናማው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው ግን ይደፈናል፣ አንዳንዴም ቅርፊት ያራግፋል። በተለይ የኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) የሚታሰርበትን ቦታ አይለፉት።

የለገጣፎ ነዋሪ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተባለው ሞከርኩት፤ ጩኸቱ ሦስተኛ ማርሽ ላይ በግልጽ ይሰማል፣ አራተኛ ላይ ግን ጨርሶ ባይጠፋም በጣም ይቀንሳል። የኋላው ክሮቼራ ልል ነው፤ ሞተሩን የሚሸከሙት ጎማዎችም ዘይት ጠጥተው ጠፍጥፈዋል። ሻንሲው ከአንድ ቦታ በቀር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቷል። ኩሽኔታውን ሶማሌ ተራ አገኘዋለሁ? ወይስ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ነገር አለ?

መልስ፦ መካኒክ ከሰበታ

ኩሽኔታ ቶርኖ ቤት አይሠራም፤ መግዛት ነው። ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የመኪናውን ስም ብቻ ጠርተው አይጠይቁ፤ አሮጌውን አስወጥተው ይዘው ይሂዱና በቀለበቱ ጠርዝ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያስተያዩ፤ ቁጥሩና ልኩ ከተመሳሰለ የሌላ መኪና ተብሎ የተቀመጠውም ይሆናል። መጀመሪያ ክሮቼራውንና የሞተሩን ጎማዎች ይቀይሩ፤ ዋጋቸው ቀላል ነው፣ ምቱና የአካሉ መንቀጥቀጥ በእነርሱ ብዙ ይቀንሳል። የሻንሲው ደካማ ቦታ ከክረምት በፊት ይበየድ። ካምቢዮው ሲከፈት ደግሞ ዘይቱ በንጹሕ ዕቃ ይጠራቀም፤ ደቃቅ ብናኝ ብቻ ካለው ኩሽኔታው ይበቃል፣ ስንጥር ብረት ከወጣ ግን ማርሾቹም ጥርስ በጥርስ ሳይታዩ ዕቃ አይግዙ።