የጨረር መለኪያችን ዜሮ ላይ ቀረ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሆስፒታል ውስጥ ባዮሜዲካል ቴክኒሻን ነኝ። የኤክስሬይ ክፍሉን ዙሪያ የምንፈትሽበት የጋይገር መለኪያ ከትናንት ጀምሮ ዜሮ ላይ ቀርቷል። ድሮ ኤክስሬዩ ጠፍቶም ከተፈጥሮ ጨረር የተነሳ በሰዓት 0.1 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ያሳይ ነበር። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፁም የለም።

ባትሪ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ጨረሩን የሚለየውን ቱቦ ኬብል ከመሰኪያው ጋ ይዤ ሳወዛውዘው ግን መርፌው ዘለል ብሎ ይመለሳል። ኬብሉ ይሆን ወይስ ቱቦው? ሳጥኑን አልከፈትኩም፤ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፣ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ላይ ሊቆይ ይችላል።

በጣም ኃይለኛ ጨረር ውስጥ አንዳንድ የጋይገር ቱቦ ራሱ ዜሮ ያሳያል። ስለዚህ ዜሮ ስላየሁ ብቻ ሰላም ነው ማለት ያስፈራኛል። ትርፍ ኬብል የለኝም። ሳልከፍተው ችግሩን የምለይበት መንገድ የምታውቁ፣ በናታችሁ ንገሩኝ።