ከፈረንሳይ የመጡ ሁለት ወይኖች አሉኝ፣ በምን ልቅመሳቸው?

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦
ሰላም ቤቶች። እህቴ ከፈረንሳይ ስትመጣ ሁለት ወይን ይዛልኝ መጣች። አንዱ ሶተርን የሚባል ነጭ ነው፣ ቀለሙ ወርቅ፣ ጠርሙሱ ትንሽዬ። ሌላው ማዲራን የሚባል ቀይ ነው። እኔ ከጉደርና ከአክሱማይት ያለፈ ወይን አላውቅም። እሁድ ሰው ጠርቻለሁ፣ የበግ ጥብስና ዶሮ ወጥ አለ። የቱን ላስቀድም? ማዲራን የሚያውቅ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ድድ ያደርቃል፣ ባትከፍተው ይሻልሃል» አለኝ። እውነቱን ነው?

የኮምቦልቻው አስተናጋጅ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ወይኑ ጠባዩ ነው። ማዲራን በዋናነት የሚጠመቀው ታናት ከሚባል የወይን ዘር ነው፣ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ። የፍሬው ቆዳና ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ታኒን የሚባል አፍ የሚያደርቅ ነገር ይበዛዋል። ታኒኑ ከምራቅህ ፕሮቲን ጋር ይያያዝና ምላስህ ላንቃህ ላይ ይጣበቃል። ባዶውን ከጠጣኸው ጓደኛህ ልክ ነው። ጮማ ያለበት ጥብስ ጎርሰህ ስትጎነጨው ግን ይለሰልሳል። ብቻ አዋዜውን ተወው፤ በርበሬ ሲገባ ምሬቱም የአልኮሉ ማቃጠልም ይብሳል። ከማዕዱ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለህ ጆግ ውስጥ ገልብጠው፣ አየር ያግኝ።

ሐይቅ ዳር፦
ስለ ነጩ ልበል፣ እሱ ነው ጉደኛው። ሶተርን ከቦርዶ ከተማ በስተደቡብ ነው። ሲሮን የሚባል ቀዝቃዛ ወንዝ ሞቅ ካለው ጋሮን ጋር ሲገናኝ፣ በመኸር ወቅት ጠዋት ጠዋት ጉም ይነሳል። በጉሙ እርጥበት ቦትራይቲስ የሚባል ሻጋታ ፍሬው ላይ ይወጣና ቆዳውን ይበሳሳዋል፤ ከሰዓት ፀሐይ ሲወጣ ውሃው ይተናል፣ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ስኳሩ ውስጡ ይቀራል። አዎ፣ የሻገተ ወይን ነው የምትጠጣው! ለቃሚዎች የደረሰውን ብቻ እየመረጡ ማሳውን ደጋግመው ይመላለሱበታል። እ.ኤ.አ. በ1855 የቦርዶ ወይኖች በደረጃ ሲመደቡ ከጣፋጮቹ ሁሉ በላይ ለብቻው የተቀመጠው ሻቶ ዲኬም የሚባለው የሶተርን ወይን እርሻ፣ ከአንድ ተክል አንድ ብርጭቆ ብቻ ያወጣል ይባላል። ዋጋው ለምን እንደሚሰቀል ገባህ?
ስትቀምሰው መጀመሪያ አሽትተው። ማር፣ የደረቀ አፕሪኮት፣ የብርቱካን ልጣጭ ታገኛለህ። ጠጅን ጌሾው እንዳይሰለች እንደሚያደርገው ሁሉ ይሄንንም የሚያድነው ኮምጣጣነቱ ነው። ከዶሮ ወጡ ጋር ሞክረው፣ ጣፋጩ በርበሬውን ያበርደዋል።

የኮምቦልቻው አስተናጋጅ፦
ኧረ ተው ሐይቅ ዳር! ቁሌቱና ቅቤው ያንን ሁሉ ሽታ ይውጠዋል። ፈረንሳዮቹ ሮክፎር ከሚባል ጨዋማ ቺዝ ጋር ነው የሚወዱት። እዚህ ጨው ያለው ኦቾሎኒ ይበቃል። ቀዩን ከጥብሱ ጋር አስቀድም፣ ነጩን መጨረሻ። ከጣፋጭ በኋላ ቀዩ የባሰ ይመርርሃል።

ሐይቅ ዳር፦
ቦርዶዎች ራሳቸው ሶተርንን ምግብ ሲጀመር ያቀርቡት የለም እንዴ? በዶሮው አልደራደርም። ለማንኛውም በትንሽ በትንሹ ቅዳ።

ጦሳ ግርጌ፦
ተባረኩ። ጥብሱን ያለ አዋዜ አሰራለሁ። ዶሮው ሲቀርብ ለሐይቅ ዳር ስል አንድ ጉንጭ እሞክራለሁ። ፍሪጅ ላስገባቸው?

የኮምቦልቻው አስተናጋጅ፦
ነጩን አዎ፣ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይሁን፣ በረዶ እንዳታደርገው። ቀዩን በደሴ ብርድ ምን ፍሪጅ ያስፈልገዋል፣ ከ16 እስከ 18 ይበቃዋል። እኛ ጋ ቆላው ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሰዓት አስገባው እልህ ነበር። ከተረፈህ ክደነው፤ ነጩ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል፣ ቀዩን ግን በሁለት ሦስት ቀን ጨርሰው።